ኤደን ወይስ ሸሚር? የአንድ ከሰል አንዳጅ መርከበኛ መዝገብ ፍለጋ

መነሻ

ጉዳዩን ያመጣችልኝ ለንደን ውስጥ በነርስነት የምትሠራ፣ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ጓደኛዬ ናት። የእናቷ አባት የመናዊ ነበሩ። መጋላ አካባቢ ሱቅ ከፍተው፣ የሐረርጌ ልጅ አግብተው፣ ስድስት ልጆች አሳድገው በ1961 ዓ.ም. ዐረፉ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ስኳርና ላምባ ሲሸጡ ነው። ቤተሰቡ ግን ሌላም ነገር ያወራል። በሂትለር ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ መርከብ ላይ ይሠሩ ነበር፤ መርከባቸው ተመትታ ሰጥማለች፤ ዐሥራ ሦስት ቀን በጀልባ ተንሳፈዋል፤ ሩሲያም ደርሰዋል ይባላል።

የጓደኛዬ ልጅ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲማር "የእኔም ቅድመ አያት ነበረበት" ብሎ ተናገረ። መምህሯ ፎቶም ሆነ ወረቀት ካለ አምጣ አለችው። ወረቀት አልነበረም። ፍለጋው የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ያለቀው ከዐሥራ አንድ ወር በኋላ ነው።

የሰዎችንና የመርከቦችን ስም የማልጠቅሰው ቤተሰቡ ስለጠየቀኝ ነው። "ዓ.ም." ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን ማሳሰቢያ ለወግ ያህል እንዳላስገባሁት ቆይቶ ይታያል።

ሰውየው የመጡበት ዓለም

እንግሊዞች የየመኗን ወደብ ኤደንን የያዙት በ1839 ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ወደቡ የእንፋሎት መርከቦች ከሰል የሚሞሉበት ዋና ጣቢያ ሆነ። መርከቦቹ ከሰሉን ብቻ ሳይሆን ከሰል አንዳጁንም እዚያው ይቀጥሩ ነበር። ሥራው ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከምድጃው ፊት ቆሞ አካፋ ማንሳትና መጣል ነው። ከየመን ደጋ የወረዱ ወጣቶች በዚህ ሥራ እንግሊዝ አገር ድረስ ዘለቁ፤ ካርዲፍና ሳውዝ ሺልድስ የተባሉ የወደብ ከተሞች ውስጥም የራሳቸውን ማደሪያ ቤቶች ከፈቱ።

ለጉዳያችን ቁልፍ የሆነ አንድ ሕግ አለ። በ1925 የወጣው ትእዛዝ ነጭ ያልሆነ መርከበኛ የእንግሊዝ ተገዢነቱን በወረቀት ማሳየት ካልቻለ በፖሊስ ዘንድ እንደ ውጭ አገር ሰው እንዲመዘገብ ያስገድድ ነበር። ኤደን ከተማ የተወለደ ሰው ተገዢ ነው። ከኤደን በስተሰሜን፣ የየመንን ደጋ ይገዛ በነበረው በኢማሙ ግዛት ካለ የተራራ መንደር የመጣ ግን አይደለም። በ1935 ደግሞ መንግሥት ለመርከብ ባለቤቶች ድጎማ ሲሰጥ በእንግሊዝ ተገዢነት የተመዘገበ ሠራተኛ እንዲቀድም አደረገ። እንግዲህ እንጀራው በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ሰው "የት ተወለድህ?" ሲባል ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

በጦርነቱ ጊዜ የንግድ መርከበኛ ወታደር አልነበረም፤ ሞቱ ግን ከወታደር አላነሰም። ለንደን ታወር ሂል ላይ ባለው መታሰቢያ ከሁለተኛው ጦርነት ብቻ፣ መቃብራቸው ባሕር የሆነ ወደ 24,000 የሚጠጉ መርከበኞች ስም ተጽፏል።

ሦስት እንቅፋቶች

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የጓደኛዬ እናት አባታቸው ድሬዳዋ የገቡት "በ39" እንደሆነ ያውቃሉ። አሜሪካ ያለ አንድ የአክስት ልጅ የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ ኮምፒውተር ላይ ሲያሰፍር 1939 ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቆጥሮ "ጦርነቱ የተጀመረው በመስከረም 1939 ነው፤ አያታችን በዚያ ዓመት ድሬዳዋ ሱቅ ውስጥ ከነበሩ የመርከቡ ነገር ተረት ነው" የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን በቤቱ ውስጥ ደፍሮ የሚያወራ ጠፋ። 1939 ዓ.ም. ማለት ከመስከረም 1946 እስከ መስከረም 1947 ያለው ጊዜ ነው። ጦርነቱ አልቋል፤ በከሰል የሚሄዱ መርከቦችም ወደ ናፍጣ እየዞሩ አንዳጁ ሥራ የሚያጣበት ዘመን መጥቷል። ሁለቱ ታሪኮች የተጣሉት በወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው አንድ ቃል ነው። ሰውየው ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ "ባቡር ላይ ነበርኩ" ይሉ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የሰማ ሁሉ የጅቡቲው ምድር ባቡር ይመስለዋል። አንድ አጎት ከዓመታት በፊት በባቡር ሠራተኞች መዝገብ ስማቸውን አስፈልጎ አጥቶታል። በየመኖች ዐረብኛ "ባቡር" የእንፋሎት መርከብ ማለት ነው። በእኛም ቋንቋ ቃሉ ድሮ ለእንፋሎት ሞተር ሁሉ ያገለግል ነበር፤ "ምድር ባቡር" ብለን ምድርን የጨመርነውም ሌላ ባቡር ስለነበረ ነው።

ሦስተኛውና አድካሚው ስም ነው። የየመኖች አጠራር ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የእንግሊዝ ወደብ ጸሐፊ ግን የቤተሰብ ስም የሚባል ዓምድ አለው፤ አንድ ቀን የአባትን፣ ሌላ ቀን የአያትን ስም ይሞላበታል። በእውነተኛው ስም ፈንታ "ሳሊሕ ሰዒድ" ብንል፣ ሳሊሕ ሳላም ሳሊም ሆኖ፣ ሰዒድ ደግሞ ሰይድም ሲያድም ሆኖ ይገኛል። ፓስፖርቱ ላይ የአያቱ ስም መጠሪያው ሆኖ የቀረ ኢትዮጵያዊ ይህን ሳላብራራለት ይገባዋል።

ሁለት ወር ከሌላ ሰው ጋር

ጥፋቱ የእኔ ነው። ለንደን ኪው የሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለንግድ መርከበኞች የተሰጡ ሜዳዮችን ዝርዝር ቢቲ 395 በሚባል ክምችት ይዟል፤ ዝርዝሩ በኢንተርኔት ይፈለጋል። እኔም ስሙን አስገባሁ። ብዙ ተመሳሳይ ስም ወጣ። ከእነዚያ መካከል ኤደን የተወለደ፣ ዕድሜው የሚቀራረብ፣ ከሰል አንዳጅ የሆነ አንድ ሰው መረጥሁና "አገኘኋቸው" ብዬ ደወልሁ። ቤቱ በደስታ ተናወጠ። የሰውየውን መርከቦች አንድ በአንድ መከተል ጀመርሁ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሰውየው በ1943 ባሕር ላይ ሞቶ ስሙ ታወር ሂል ላይ እንደተጻፈ ደረስሁበት። የእኛ ሰው ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት።

ከዚህ ሌላ አንድ መሠረታዊ ነገር ሳልጠይቅ መጀመሬን ተረዳሁ። ሜዳዩ ለመርከበኛው ካመለከተ ብቻ የሚሰጥ ነበር፤ ሳይጠይቁ የቀሩት ብዙ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለመኖር አለማገልገልን አያሳይም፤ ተመሳሳይ ስም ማግኘትም የአያትን መገኘት አያሳይም።

የሐላዋው ጣሳ

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ድሬዳዋ የተመለስነው፤ መጀመርም የነበረብን ከዚያ ነበር። እናትየውን እማማ እያልሁ በቪዲዮ አነጋገርኋቸው፤ እሳቸው እንደ ድሬዳዋ ወግ "አንተ" ይሉኛል። በቤቱ ያለ የአባታቸው ወረቀት ሁሉ፣ ቢመስልም ባይመስልም፣ ፊቱም ጀርባውም ፎቶ ይነሣ ብዬ ለመንሁ። የልጅ ልጃቸው ከቁም ሣጥን ላይ አሮጌ የሐላዋ ጣሳ አወረደ። ውስጡ የሱቅ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ አንድ ፎቶግራፍና ከደብተር የተገነጠለ ሰማያዊ ቅጠል ነበር።

ፎቶው ላይ ኮትና ክራባት ያደረጉ ወጣት አሉ። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ሳውዝ ሺልድስ ይላል። የኮቱ ክፈፍ ላይ ጥፍር የምታህል ነገር ታበራለች፤ ቤተሰቡ የጌጥ መርፌ ትመስለው ነበር። ፎቶው ሲጎላ ዘውድ፣ ከሥሩ በገመድ ቋጠሮ የተከበቡ ሁለት ፊደላት ታዩ። የንግድ መርከበኞች የጦርነት ጊዜ ባጅ ናት። ዩኒፎርም የሌለው መርከበኛ መንገድ ላይ "ለምን አልዘመትህም?" እንዳይባል በኮቱ ላይ የሚያደርጋት ነበረች። ፎቶው ከ1940 ወዲህ መነሣቱን ያወቅነው በእሷ ነው።

ሰማያዊው ቅጠል ግን ከፎቶውም በለጠ። የመርከበኛ አገልግሎት ደብተር ቅጠል ነው። መርከበኛው ከመርከብ በወረደ ቁጥር ስለ ችሎታውና ስለ ጠባዩ "እጅግ በጣም ጥሩ" የሚል ማኅተም ይመታበታል። በኅዳጉ ላይ አንድ ፊደልና ስድስት አኃዝ ተጽፎ ነበር። እማማ "እሱ የሱቁ ግብር ቁጥር ነው" አሉኝ። የመርከበኛው መለያ ቁጥር ነበር።

ቁጥሩ የከፈተው

ቢቲ 372 የሚባለው ክምችት የመርከበኞችን የግል ወረቀት በየሰዉ ፖስታ ይዟል፤ ዝርዝሩን በስምም በቁጥርም መፈለግ ይቻላል። ቁጥሩን ሳስገባ አንድ ፖስታ ብቻ መጣ። የተመዘገበበትን ስም በራሴ ግምት መቼም አላገኘውም ነበር፤ የአባታቸው ስም ተበላሽቶ የቤተሰብ ስም ሆኗል፣ የራሳቸው ስም ደግሞ በአንድ ፊደል ብቻ ቀርቷል።

ኪው ለመግባት ሁለት መታወቂያ አሳይቶ የአንባቢ ካርድ ማውጣት ያስፈልጋል። ወደ ንባብ ክፍሉ እርሳስ እንጂ ስክሪብቶ አይገባም፤ በራስ ስልክ ፎቶ ማንሣት ግን ይፈቀዳል። ፖስታው ውስጥ የመታወቂያ ማመልከቻ አገኘሁ፤ ፎቶ፣ የግራ አውራ ጣት አሻራ፣ ቁመት፣ የዓይን ቀለም። "መለያ ምልክት" ከሚለው አጠገብ የቀኝ ክንድ ጠባሳ ይላል።

በአንደኛው ሰው ተቃጥዬ ስለነበር ያየሁትን ለማንም አልተናገርሁም። ለእማማ ደውዬ "አባትዎን ፊታቸውን ሳያዩ በምን ይለዩአቸዋል?" ብቻ አልሁ። ሳያስቡ ቀኝ ክንዳቸውን አነሡ። "እዚህ ጋ የእሳት ጠባሳ ነበረው። ከባቡር ነው ይል ነበር" አሉ። ጠባሳ ነበራቸው ወይ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ምንም ባላሳየኝ ነበር።

ካርዱ፣ ሩሲያና ምጽዋ

ከ1941 ጀምሮ የእያንዳንዱ መርከበኛ ጉዞ በካርድ ይያዝ ነበር፤ ካርዶቹ በቢቲ 382 ይገኛሉ። "አውሮፓውያን" እና "እስያውያን" ተብለው ተለያይተዋል። እኔ የመናዊን ከእስያውያን ዘንድ ፈለግሁ፤ የለም። የእኛ ሰው ውላቸውን የፈረሙት እንግሊዝ አገር ወደብ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ካርዳቸው ከአውሮፓውያኑ መካከል ተቀምጧል። ሰባት መርከብ ይዘረዝራል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የመርከቡ መዝገብ ቁጥር አለ። ለመርከብም ቁጥሩ ከስሙ ይሻላል። መርከብ ተሽጦ ስሙ ይለወጣል፣ አንዱ ስምም ለብዙ መርከብ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን በእንግሊዝ መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል።

መርከቦቹ ራሳቸው የት የት እንደሄዱ በቢቲ 389 የጉዞ ካርዶች ላይ ይገኛል። የሩሲያው ታሪክ እዚህ ላይ ወደቀ። ወደ ሰሜን ሩሲያ የመጀመሪያው አጀብ፣ ማለትም በጦር መርከብ እየተጠበቀ የሚጓዝ የንግድ መርከቦች ቡድን፣ አርካንግልስክ የገባው በነሐሴ 1941 መጨረሻ ነው። ከሰባቱ መርከቦች አንደኛው በእርግጥ ሩሲያ ደርሶ ተመልሷል፤ ሰውየው የተቀጠሩበት ግን ከተመለሰ ከአራት ወር በኋላ ነው። ከነባሮቹ ጋር አንድ ክፍል ተኝተው የሰሙትን ይመስለኛል ለልጆቻቸው ያወሩት። ወይም ልጆቹ ናቸው የአባታቸውን መርከብ ከአባታቸው ያልለዩት። ጓደኛዬ አዘነች፤ በ2013 መሰጠት የጀመረው የአርክቲክ ኮከብ ሜዳይ ይገባቸዋል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

በዚያው ቀን ሌላ ካርድ ካሣት። በ1942 መጀመሪያ፣ የሜዲትራንያን መንገድ ገና ተዘግቶ ሳለ፣ መርከባቸው አፍሪካን በኬፕ ታውን ዞሮ ወደ ስዊዝ ሲያቀና ከደርባን ቀጥሎ ኤደን፣ ከኤደን ቀጥሎ ምጽዋ ይላል። ምጽዋን እንግሊዞች የያዙት በሚያዝያ 1941 ሲሆን ጣልያኖች ከመሸነፋቸው በፊት መርከቦቻቸውን ወደቡ ውስጥ ራሳቸው አስጥመው ነበር። እማማ ይህን ሲሰሙ "የሰመጡ መርከቦች አናት ከውኃ ወጥቶ አየሁ ይለን የነበረው ለካ ምጽዋ ነው!" አሉ። እኔ ስለ ሰመጡት መርከቦች ገና አልነገርኋቸውም ነበር።

በጀልባ ላይ የነበሩት ቀናት

በ1942 መጨረሻ ካርዱ ላይ የመውረጃ ወደብ የሌለው አንድ መርከብ አለ፤ ከዚያ በኋላ አራት ወር ባዶ ነው። የመርከቡን መዝገብ ቁጥር ይዤ ወደ ባሕር ኃይል ሰነዶች ሄድሁ። ኤዲኤም 199 በሚባለው ክምችት ውስጥ መርከባቸው ከሰጠመባቸው መኮንኖች የተወሰደ ቃል አለ። መርከቡ ከምዕራብ አፍሪካዋ ወደብ ከፍሪታውን በስተምዕራብ አትላንቲክ ላይ በሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ነበር። ሁለት ጀልባ ወርዷል፤ ሰዎቹ የተገኙት በአምስተኛው ቀን ነው። ዐሥራ ሦስቱ ቀን አምስት ሆነ፤ መስጠሙና ጀልባው ግን እውነት ነበሩ።

ገጹን ሳነብ ቆይቶ ያናደደኝ አንድ ነገር አለ። መኮንኑ የሬዲዮ ሠራተኛውንና ሦስተኛውን መሐንዲስ በስም አመስግኗል። ከሰል አንዳጆቹን "ዐረቦቹ" ብሎ በቁጥር አልፏቸዋል። ከእነዚያ ስም የለሽ ሰዎች አንዱ የእኛ ሰው መሆናቸውን ያረጋገጠልን የካርዱ አንድ መስመር ነው፤ እሱ ባይኖር ዘገባው ብቻውን ምንም አይጠቅመንም ነበር። ባዶዎቹ አራት ወራት ደመወዝ የነበራቸው ይመስለኛል፤ እስከ ግንቦት 1941 ድረስ የመርከበኛ ደመወዝ መርከቡ ከሰጠመበት ቀን ጀምሮ ይቆም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተሻሽሏል።

ያልፈለግነው ዓምድ

በመጨረሻ የሠራተኞቹን የሥራ ውል በቢቲ 381 አየሁ። እያንዳንዱ ሰው የፈረመበት ትልቅ ወረቀት ነው። የቅርብ ዘመድ በሚለው ዓምድ ላይ "ሚስት" ተብሎ የሳውዝ ሺልድስ አድራሻ ተጽፏል። ስሟ የእንግሊዝ ሴት ስም ነው።

ለእናትየው ከመናገሬ በፊት ለጓደኛዬ ብቻ ነገርኋት፤ ውሳኔው የእሷ ነው ብዬ ስለማምን። ሦስት ሳምንት አመነታች። በኋላ እሷው ደውላ ለእናቷ በቀስታ ነገረች። እማማ ሳቁ። "እሷማ የታወቀች ናት፤ አባዬ እስኪሞት በየረመዳኑ ገንዘብ ይልክላት ነበር። እናንተ ስላልጠየቃችሁኝ ነው" አሉ።

በዚያው መስመር ላይ የሰውየው ፊርማ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን በራሱ አጻጻፍ፣ የትውልድ ቦታቸውንም "ኤደን" ብሎ ሞልቷል። እሳቸው ግን ከጎኑ በዐረብኛ ፈርመዋል። እኔም ጓደኛዬም ዐረብኛ አናነብም። እማማ ቁርኣን ቤት ተምረዋልና ፎቶውን ላክንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩና ጮክ ብለው አነበቡ፤ የሰውየውን ስም፣ የሰውየውን አባት፣ የሰውየውን አያት፣ አራተኛ ደግሞ "አል-ሸሚሪ"። ሸሚር ከኤደን ሳይሆን ከታኢዝ ወገን ያለ የየመን ደጋ ነው፤ የሳውዝ ሺልድስ የመኖች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። ጸሐፊው ሊያነበው በማይችለው ፊደል፣ ራሳቸው ካስመዘገቡት መልስ አጠገብ፣ እውነተኛውን አገራቸውን ጽፈውታል።

ለሌላ ፈላጊ

ዛሬ ብጀምረው ከጣሳው እጀምራለሁ። ኢንተርኔት ላይ ስም ከመጻፌ በፊት በቤቱ ያለ ቁጥር ሁሉ እንዲለቀምልኝ እጠይቃለሁ፤ የእኛን አገር የመሰለ አጠራር ላለው ሰው በስም መጀመር እኔን ሁለት ወር አስከፍሎኛል። ሽማግሌ የተናገረውን ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳልጠይቅ አልጽፍም። በየመኖች ቤት ሂጅራም ሊኖር ይችላል።

ከቤተሰብ የሰማሁትን ነጥብ በነጥብ ለይቼ አስቀምጣለሁ። አንዱ ነጥብ ስለወደቀ ሁሉም አይወድቅም፤ ሩሲያ ሐሰት ሆኖ ጀልባው እውነት ነበር። ካርዱን በአንድ ክፍል ያጣ ሰው ሌላውንም ክፍል ይይ፤ በዘር የተከፋፈለ መዝገብ የከፈለው ጸሐፊ ባሰበው መንገድ እንጂ እኛ በምናስበው አይደለም። ስለ ትውልድ ቦታ ደግሞ ያቺ መልስ ምን ታስገኝ፣ ምን ታስቀር እንደነበር ሳያውቁ ማመን አይገባም።

ስለ ሚስትየዋ የያዝነው መንገድ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። እማማ ባያውቁ ኖሮ እንዴት ይሆን ነበር? ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት "ያልጠበቃችሁት ቢመጣ ለማን ልንገር?" ብዬ አለመጠየቄ ስሕተት ነበር።

የቀረው ቅጽ

የሰመጠው መርከብ የጉዞ መዝገብ ከመርከቡ ጋር ስለጠፋ አይገኝም። የሜዳዩ ጉዳይ ግን አሁንም ክፍት ነው። ሰውየው በሕይወት ሳሉ አላመለከቱም፤ የቅርብ ዘመድ ዛሬም ማመልከት ይችላል። ካርዳቸው እንደሚያሳየው ቢያንስ የ1939–45 ኮከብ፣ የአትላንቲክ ኮከብና የጦርነቱ ሜዳይ ይገባቸዋል። ባለፈው ወር ከእማማ ጋር ቅጹን በስልክ ስንሞላ የትውልድ ቦታ የሚለው ጋ ደረስን። ኤደን ልበል ወይስ ሸሚር ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። "ኤደን በል። አባዬ ለእንግሊዝ መንግሥት ኤደን ብሎ ከነገረው እኔ ልጁ ከመንግሥት ጋር አላጣላውም" አሉኝ።